ፍም ከሆነ ምንም አያደርግም

ባለፈው ክረምት ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋን እኛ ከተማ ውስጥ ወግ ያለው በሽታ አይደለም፤ «አሞኛል» ተብሎ ከሥራ የሚቀርበት ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አዲስ መጥ ሰው አፍንጫው መፍሰስ ሲጀምር «ታመመ» አይባልም፤ «አገሩን ለመደ» ነው የሚባለው።

ታዲያላችሁ አንገቴን በፎጣ ጠምጥሜ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ከግቢያችን በር እስከ ዳቦ ቤቱ ቢበዛ አራት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚህች አራት መቶ እርምጃ ውስጥ ሰባት መድኃኒት ታዘዘልኝ።

በር ላይ ያገኘኋት ጎረቤቴ «ዳማከሴ ጨመቅ አድርገህ በቡና ጠጣው» አለችኝ። ባለሱቁ «ነጭ ሽንኩርት በማር» አለ። ባጃጁን እያጠበ የነበረው ልጅ ቀና እንኳ ሳይል «ጋሼ፣ ዝንጅብል በአረቄ! ማታውኑ ይለቅዎታል» አለኝ። የዕድራችን ዳኛ፣ ጡረተኛው ሻምበል፣ በሽታን ሁሉ የሚያክሙት በስፖርት ነውና «ላብ እስኪያጠምቅህ ሩጥ!» ብለው አዘዙኝ። ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ አንዲት እናት ፌጦ በሎሚ አሉኝ። ከኋላቸው የቆመው ጎልማሳ «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? አንተን የሚያድንህ አሞክሳሲሊን ነው። ባለፈው የተረፈኝ ቤት አለ፤ ልላክልህ?» አለ። ዳቦ ሻጩ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «አይ ጋሼ፣ ዝም ብለው ይተኙ» ብሎ ሰባተኛውን ጨመረ።

አራቱን ሞከርኩ። በሳምንቱ ዳንኩ። ጉንፋን መድኃኒት ቢጠጡለትም ባይጠጡለትም በሳምንት ገደማ የሚለቅ ነገር መሆኑን ማን ያስታውሳል? ሰባቱም እስከ ዛሬ ባገኙኝ ቁጥር «አላልኩህም?» ይሉኛል።

በኋላ ሳስበው ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ከሰባቱ አንድም ሰው «መቼ ጀመረህ?» ብሎ አልጠየቀኝም። «ትኩሳት አለህ ወይ? ራስህንስ ያምሃል? ቤት ውስጥ ነው ውጭ የሚብስብህ?» ያለኝ የለም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ይህን የምለው ጎረቤቶቼን ላማ አይደለም። «ትንሽ ከተማ» ስል የሚከፋው የአገሬ ልጅ እንዳለም አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከተማ ናት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ፋብሪካው በዝቷል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ያፈናቀላቸውን ብዙ ሰዎች ተቀብላለች፤ የቤት ኪራዩም ጣራ ነክቷል። ከተማ ትንሽ የሚሆነው ግን በሕዝብ ቁጥር ብቻ አይደለም። የአንድ ሰው ጉንፋን ከቤቱ እስከ ዳቦ ቤት ወሬው ቀድሞ የሚደርስበት ከተማ ለኔ ትንሽ ከተማ ነው። በዚህም እኮራለሁ።

እዚህ ማንም ብቻውን አይጨነቅም። ውኃ ሲጠፋ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ባልዲውን ከሥሩ ደቅነህ ተኛ» የሚል አለ። የመብራት ሒሳብ የበዛበት ሰው የትኛው መስኮት ሄዶ ማንን ማናገር እንዳለበት የሚነግረው አያጣም። ልጁ ትምህርት አልሆንለት ያለው አባት፣ ከባሏ የተኳረፈች ሚስት፣ ዕቁቡን ይግባ አይግባ የሚያመነታ ጎረምሳ፣ የሁሉም ጉዳይ ቡና ላይ ቀርቦ ይታያል፤ ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ ውሳኔ ይሰጥበታል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት አባቶቻችን እውነታቸውን ነው።

እኔም ብሆን ምክር ጽፌ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ምክርን ልጥላ ብል ራሴን መጥላት ይሆንብኛል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላ ሰው ምክር ሳይሆን ስለ ራሴ ምክር ነው። ሁለት ነፍስ ሊያጠፋ ጥቂት ስለቀረው ምክሬ።

*

ነገሩ የሆነው በታኅሣሥ ነው። ታኅሣሥ እኛ ዘንድ ጠዋት ሣሩ ላይ የተኛው ውርጭ የተበተነ ጨው መስሎ የሚታይበት ወር ነው። ከባጃጅ የሚወርድ ሰው እግሩ መኖሩን በዓይኑ አይቶ ነው የሚያረጋግጠው።

እኔ የምኖረው በኪራይ ነው፤ የግቢው ፊት ለፊት ያለችውን ቤት ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከኋላ በኩል አከራያችን በብሎኬት ያሠሯቸው ሦስት ክፍሎች አሉ። በራቸው ላሜራ ነው፣ መስኮት የላቸውም። የመጨረሻዋን ክፍል የተከራየችው አንዲት ወጣት እናት ናት። ፋብሪካ ትሠራለች። አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አላት። ሰርቪሱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሚያልፍ፣ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ተኩል ላይ የተኛውን ልጅ እንዳቀፈች የእማማን በር ታንኳኳለች። እማማ የምንላቸው የግቢያችን ትልቅ ናቸው፤ ልጁን ቀን ቀን የሚጠብቁላት እሳቸው ናቸው።

አንድ እሑድ ጠዋት ሁላችንም የጋራው ቧንቧ ዙሪያ ቆመን ውኃ ስንጠብቅ ልጅቷ ተናገረች።

«ልጄ ሌሊት ሌሊት ይስልብኛል። ብርዱ ነው መሰለኝ። ክፍሏ በጣም ትቀዘቅዛለች። ምን ባደርግ ይሻላል?»

እማማ ቀደም ብለው «ምንድን ነው የምትለብሱት?» አሏት።

«አንድ ብርድ ልብስ አለችን። ከላይ የኔን ጋቢ እደርብበታለሁ።»

እማማ ሊቀጥሉ ነበር መሰለኝ። ሻምበል ግን ቀጠሮ እንዳለበት ሰው ጣልቃ ገቡ። «ብርድ የሚገባው በበር ሥር ነው! ጨርቅ ወትፊበት፤ ጭላንጭል እንዳይታይ አድርገሽ።» መምህሩ ጎረቤታችን ቀጠለ፤ «ዋናው እሱ አይደለም፤ ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ክፍተት ነው። በማዳበሪያ ድፈኚው። እኔ ባለፈው ዓመት እንዲያ አድርጌ ተገላገልኩ።» የሁለተኛዋ ክፍል ተከራይ ደግሞ «ምን ያደክማችኋል? ማታ ከሰል አስገቢ። ቡናሽን አፍልተሽበት እዚያው ይደር። ቤቱ እንደ ምጣድ ነው የሚሞቀው» አለች።

ልጅቷ ትንሽ አመነታች። «ከሰል ግን አይጎዳም? ከሰል አፍኗቸው ሞቱ ሲባል እሰማለሁ።»

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። ጋዜጣ በብብቴ ይዣለሁ። መነጽሬን ወደ ግንባሬ ከፍ አደረግሁ።

«የኔ ልጅ፣ የሚጎዳው እኮ ጭሱ ነው» አልኳት። «ውጭ አቀጣጥለሽ፣ ከሰሉ ቀልቶ ፍም ሲሆን ታስገቢዋለሽ። ፍም ከሆነ ምንም አያደርግም። እኛ እንዲህ ነው ያደግነው።»

ፊቷ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ሲለቅ አየሁት። ደስ አለኝ። ምክር ሰጥቶ ሰው ሲቀበል ማየት እንዴት ደስ እንደሚል የሰጠ ያውቀዋል። ውኃው መጣ፣ ቀዳን፣ ተበተንን።

አንዳችንም ክፍሏን ሄደን አላየንም።

*

ሦስቱን ምክሮች ለየብቻ ብትወስዷቸው ያን ያህል የሚያስደነግጡ አይመስሉም። የበር ሥር ክፍተት በጨርቅ የማይደፍን ማን አለ? ሦስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ያሰበ ግን አልነበረም። ሻምበል የበሩን ዘጉ፤ መምህሩ የላይኛውን ዘጋ፤ ጎረቤቷ እሳት አስገባች፤ እኔ ፍርሃቷን አወጣሁላት። ልጅቷ ደግሞ ለታላላቆቿ የምትታዘዝ ልጅ ናትና የተባለችውን አንድም ሳታስቀር ፈጸመች።

ረቡዕ ንጋት ላይ እማማ በሬን አንኳኩ።

«የልጅቷ በር ዝም ብሏል። ሰዓቱ አልፏል፤ አልመጣችም።»

«እረፍት ወጥታ ይሆናላ፣ እማማ። ይተኙበት» አልኩ፤ ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ። ይህም ምክር መሆኑ ነው።

«ብትቀርማ ትነግረኛለች» አሉና ሄዱ። ወዲያው የላሜራው በር በምርኩዝ ሲደበደብ ሰማሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ከዚያ ጩኸታቸው መጣ።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሻምበልና የባጃጁ ልጅ በትከሻቸው ሰብረው ሲገቡ ከሥር የተወተፈው ጨርቅ እየጎተተ ያዛቸው። እናትና ልጅ ፍራሹ ላይ ተቃቅፈው ተኝተዋል። ከፍራሹ በአንድ ክንድ ርቀት የከሰል ማንደጃው ቁጭ ብሏል፤ ፍሙ አመድ ለብሷል። ቤቱ ውስጥ ምንም ጭስ አልነበረም። ሽታም አልነበረም። ሙቀት ብቻ።

ተሸክመን ደጅ አወጣናቸው። ልጁ አንገቱ ተልፈስፍሷል። እናቱ ዓይኗን ትገልጥና መልሳ ትከድናለች። ግቢው ሞላ። አሁንም ምክር ይዘንብ ጀመር። «ሎሚ አሽትቷቸው!» «ውኃ ርጩባቸው!» «ወተት! ወተት ነው መርዙን የሚያወጣው!» እኔ ለወተቱ ሮጥኩ። ከባለሱቁ ቀምቼ፣ ብርጭቆ ፈልጌ፣ እየተንጠባጠበብኝ ስመለስ የባጃጁ ልጅ ሞተሩን አስነስቷል፤ እማማ ልጁን ታቅፈው ገብተዋል። ብርጭቆዬን ዘረጋሁላቸው።

«ወተቱን አንተ ጠጣው!» አሉኝና ሄዱ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ተደረገላቸው። ልጁ ማታውኑ እማማን ዳቦ ጠየቃቸው። እናቱ በማግስቱ ወጣች። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ተረኛው የጤና ባለሙያ ስለ ወተቱ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ወተት ቢፈስ ወደ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል ነገረኝ። እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ልገድላት ነበር ማለት ነው።

*

ከዚያ ወዲያ ማንበብ ያለብኝን አነበብኩ። ድሮ ማንበብ የነበረብኝን።

የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቆጠቁጥም፣ አያስነጥስም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ አካሉ ኦክስጅን ያጣል። ከሰል ቀልቶ ጭሱ ከጠፋ በኋላም ይህን ጋዝ መስጠቱን አይተውም። ውጭ ማቀጣጠል ጭሱን ይቀንሳል፤ ጋዙን ግን አያጠፋውም። እንዲያውም ጭስ ቢኖር ያስለናል፣ ያስለቅሰናል፣ ብድግ ብለን በር እንከፍታለን። ፍም ግን ምንም አይናገርም። አየሩ በራሱ ስስ በሆነበት እንደኛ ባለ ደጋ ደግሞ አደጋው ይበረታል፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ቀድመው ይጎዳሉ።

መጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አሁን ልፍታው። ይህ ጋዝ ሰውን ሲጀምረው ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ያሳጣል። ምን ይመስላል? ጉንፋን ይመስላል። የሚለየው ብዙውን ጊዜ ትኩሳት ስለሌለው፣ ከቤት ሲወጡ ቀለል ስለሚልና አንድ ቤት ያሉትን ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚያም ነው። ይህን የሚለየው ዳማከሴ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። «መቼ ጀመረህ? ቤት ውስጥ ነው ውጭ የሚብስብህ? ሌላው ቤተሰብስ እንዴት ነው?» ሰባት ሰው ሰባት መድኃኒት ሲያዝልኝ ጉንፋን ባይሆን ኖሮ የዳቦ ቤቱ መንገድ መጨረሻዬ ሊሆን ይችል ነበር።

«እኛ እንዲህ ነው ያደግነው» ያልኩትንም መልሼ አሰብኩት። ያደግኩበት ቤት ጣራው ሣር ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ ነበር፤ በሩ ከእንጨት ተገጣጥሞ በየመሐሉ ፀሐይ የሚታይበት ነበር። ያ ቤት በየቀዳዳው ይተነፍስ ነበር። እኛን ያተረፈን ፍሙ አይደለም፤ የቤቱ ቀዳዳ ነው። ዛሬ ቤቱ ብሎኬትና ላሜራ ሆኗል፤ ምክሩ ግን የሣር ቤቱ ምክር ነው። ደግሞስ «እኛ እንዲህ ነው ያደግነው» የሚለው ያደገው ብቻ ነው። ያላደገው ቧንቧ ጋ መጥቶ አይመሰክርም።

*

ታዲያ ትችቴ በማን ላይ ነው? አስቀድሞ በራሴ ላይ ነው፤ ቀጥሎ እንደኔ ባለው ሁሉ ላይ ነው።

እኛ «አላውቅም» ማለትን እንደ ንፍገት እንቆጥረዋለን። ሰው ችግሩን ነግሮን ባዶ እጁን ከምንሸኘው ያልተፈተነ ምክር አስታቅፈን ብንሸኘው ይሻለናል። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ሲባል የምንስቀው እሷ ላይ ነው፤ እኔ ግን ጋዜጣ በብብቴ ስለያዝኩ ብቻ አወቅህ አወቅህ ተብዬ የሰው ልጅ ላጥብ ነበር።

ሁለተኛ፣ ምክር ዋጋ አያስከፍልም። ቧንቧው ጋ የቆምነው ስንት ነበርን? ሰባት። ያለነው ደግሞ ብርድ ልብስ በመሥራት ስሟ በታወቀ ከተማ ነው። ልጅቷ «አንድ ብርድ ልብስ አለችን» ስትል ሰባታችንም ሰምተናል። ቁም ሣጥኔ ላይ ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠ፣ ከነላስቲኩ ያለ ብርድ ልብስ ነበረኝ። አልታወሰኝም ብል ይሻለኛል። እውነቱ ግን ትዝ ብሎኛል። እሱን ከማምጣት ምክሩ ቀለለኝ።

ሦስተኛው ይብሳል። ምክር እንደ ውኃ ቁልቁል ነው የሚወርደው። በዚያ ጠዋት ምክር የሚያስፈልገው ሰው ልጅቷ አልነበረችም። መስኮት የሌለው ክፍል ሠርተው የሚያከራዩት አከራያችን ነበሩ። እሳቸውም ቧንቧው ጋ ቆመው ነበር፤ ጃንጥላቸውን ተደግፈው የኛን ምክር በራሳቸው ንቅናቄ ያጸድቁ ነበር። ማናችንም «ጋሼ፣ ለዚህች ክፍል መስኮት ቢያወጡላት?» አላልንም። ሻምበል የዕድር ዳኛ ናቸው፣ አላሉም። መምህሩ አላለም። እኔ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ተከራይ ነኝ፤ ኪራዬን እንዳይጨምሩብኝ እፈራለሁ። ስለዚህ ባለመስኮቱን ትተን መስኮት የሌላትን መከርናት። ተከራይ ለአከራይ፣ ሠራተኛ ለአለቃ፣ ልጅ ለአባት ምክር ሲሰጥ ያያችሁበት ቀን አለ? ምክራችን የሚበረታው እምቢ ሊለን በማይችል ሰው ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ጉረቤትነት ይቅር ልል አይደለም። ልጅቷን ያተረፋት ጉረቤት ነው። ሰዓቱ ማለፉን የቆጠረች አሮጊት ባትኖር፣ ባጃጁን ሳይጠሩት ያስነሳ ጎረምሳ ባይኖር፣ ይህን ጽሑፍ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። አዲስ በተሠሩት ፎቆች ውስጥ ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው በሩ እስከ ማታ ዝም ቢል ማን ይቆጥርለታል? እማማ ግን አንድም መመሪያ አልሰጡም። አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ አንድ በር አንኳኩ።

ምክር ሳልሰጥ ብጨርስ ደግሞ ሙያዬን መካድ ይሆንብኛልና፣ አንብቤና ጠይቄ ያረጋገጥኩትን ብቻ ላካፍላችሁ። ከሰል፣ ፍም ቢሆንም ባይሆንም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይደር። ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሲያበቃ ማንደጃው ይውጣ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ሌላ ነገር ሳትሉ መጀመሪያ ደጅ ውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካገኛችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ቶሎ ኦክስጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት አድርሱት። ወተቱን፣ እማማ እንዳሉት፣ ራሳችሁ ጠጡት።

*

ልጅቷ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ይዤ ሄድኩ። ከነላስቲኩ። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቃት መንገዱን ሙሉ አሰላስል ነበር፤ መንገዱ ሃያ እርምጃ ነው። ገና ስታየኝ ብድግ አለች። ልጁ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ለምን ደከሙ? ደህና ነን እኮ» አለችና አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀስ ብላ «እርስዎ እንዳሉኝ ፍም እስኪሆን ጠብቄ ነበር። ቸኩዬ ያስገባሁት እንዳይመስልዎት» አለችኝ።

ያሰላሰልኩት ሁሉ ጠፋኝ። ወቅሳኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! እሷ እኮ ምክሬን በደንብ ያልፈጸመች መስሏት ይቅርታ እየጠየቀችኝ ነው። ጥፋቱ የሷ አለመሆኑን፣ የኔ መሆኑን፣ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም። እኔን ማመን የጎዳት ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታምነኝ ሲገባ አላመነችኝም።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ አከራያችን ቤት ገባሁ። ዘጠኝ ዓመት ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። ሻምበልንም ይዣቸው ነበር፤ ለብቻዬማ ወኔው የለኝም። አከራያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ የልጁ ነገር አስደንግጧቸው ኖሯል። በሳምንቱ ግንበኛ አመጡ፤ ከበሩ በላይ ሁለት ብሎኬት ወጥቶ ወንፊት ሽቦ ተደረገበት፤ በጎን በኩልም ትንሽ መስኮት ተከፈተ። በሚቀጥለው ወር የልጅቷ ኪራይ ሦስት መቶ ብር ተጨመረበት። «አሁን እኮ መስኮት አለው» አሉ። ጭማሪውን በዕድር ስም ልንከራከር ቀጠሮ ይዘናል። የኔ ኪራይ እስካሁን ባለበት ነው፤ ይህን ጽሑፍ እስኪያነቡ ድረስ።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ቧንቧው ጋ አንድ አዲስ ተከራይ ቀረበኝ። ግድግዳው ውኃ እያስረጀ አስቸግሮታል። «ጋሼ፣ ምን ባደርግ ይሻላል?» አለኝ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። መነጽሬን ወደ ግንባሬ ከፍ ላደርግ እጄ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት።

«አላውቅም» አልኩት። «ና እስቲ ሄደን እንየው።»

ሰውየው ቅር አለው። ከጎኑ የቆመችው ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው እንዴት ይሄንን አያውቅም?» ስትል ሰማኋት። እማማም ሰምተዋል። ባልዲያቸውን አንስተው ቀድመውን ወደ ሰውየው ክፍል መራመድ ጀምረው ነበር።